ዴስክቶፔ ባዶ ሆነ! የክላውድ ማከማቻን ፋይል ሳይጠፋ ማስወጣት፣ ከዚያስ ባክአፕ በምን?

ተመራቂዋ (ጅማ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የሕብረተሰብ ጤና። ቲሲሴን ለማስረከብ ጥቂት ነው የቀረኝ።

ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። ከተገዛ ጀምሮ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ እና ፒክቸርስ የሚባሉት ፎልደሮች ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማከማቻ፣ ክላውድ የሚሉት) ውስጥ ናቸው። ማን እንዳበራው አላውቅም። ነፃው 5 ጂቢ ስለሞላና ኢንተርኔቴም የስልክ ሆትስፖት ስለሆነ ላጠፋው ወሰንኩ። ትናንት ማታ ሴቲንግ ገብቼ የፎልደሮቹን ባክአፕ አጠፋሁት። ወዲያው ዴስክቶፑ ባዶ ሆነ። የቀረው ፋይሎችሽ የት እንዳሉ እዪ የሚል አንድ ሾርትከት ብቻ ነው።

ከአጋሮ የሰበሰብኩት ዳታ፣ የውጤት ምዕራፉ፣ አድቫይዘሬ ያረመልኝ ኮፒ፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

እባካችሁ እርዱኝ። ፋይሎቼ የት ሄዱ? ይሄን ነገር ከላፕቶፔ በሰላም እንዴት ላስወጣው? ካስወጣሁት በኋላስ ባክአፕ በምን ልያዝ? በዶላር የሚከፈል ነገር አልችልም።

የኪቶ ልጅ (ኪቶ ፉርዲሳ)

እህቴ ተረጋጊ፤ አልጠፉም። አሁን ግን ምንም እንዳትሰርዢ። አንኢንስቶል አታድርጊ። ከአካውንቱም እንዳትወጪ።

የሆነው እንዲህ ነው። የፎልደር ባክአፕ ሲበራ ዋንድራይቭ ዴስክቶፕሽን ኮፒ አያደርገውም፤ ቦታውን ነው የሚቀይረው። ዴስክቶፕ የሚባለው ፎልደር ከነበረበት ተነስቶ ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ስታጠፊው ዊንዶውስ ወደ ድሮው ቦታ ይመለሳል፤ ፋይሎቹ ግን እዚያው አዲሱ ቦታ ላይ ይቀራሉ። አንቺ አሁን የምታዪው የድሮውን ባዶ ዴስክቶፕ ነው። አዳዲሶቹ የፕሮግራሙ ቅጂዎች ሲጠፉ ፋይሎቹ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሱ ወይ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። በችኮላ ካለፍሽው ግን የምታዪው ይሄንኑ ነው።

ፋይል ኤክስፕሎረርን ክፈቺ። በግራ በኩል ሰማያዊ ደመና ያለበትን ዋንድራይቭ ተጫኚ። ውስጡ ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር አለ። ክፈቺውና ምን እንዳለ ንገሪን። ምንም አታንቀሳቅሺ።

ተመራቂዋ

አለ! ሁሉም አለ! ፈጣሪ ብድርህን ይክፈልህ ወንድሜ።

ግን አንዳንዶቹ ጎን የደመና ምልክት አለ፣ አንዳንዶቹ ጎን አረንጓዴ ራይት። የአጋሮው ኤክሴል ደመና ነው ያለበት። ልዩነቱ ምንድነው?

ጥገና ቤት (መርካቶ፣ ጅማ)

የኔ ልጅ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ደመና ያለበት ፋይል ላፕቶፕሽ ላይ የለም። ስሙ ብቻ ነው የሚታይሽ፤ ይዘቱ ኢንተርኔት ላይ ነው። ነጭ ክብ ውስጥ አረንጓዴ ራይት ያለበት ደግሞ አንዴ ስለተከፈተ ወርዷል፤ የዲስኩ ቦታ ሲጠብ ግን ተመልሶ ደመና ሊሆን ይችላል። ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የተቀባ ክብ ውስጥ ነጭ ራይት ያለበት ብቻ ነው ሁልጊዜ ላፕቶፑ ላይ የሚቀመጠው።

ሱቃችን የሚመጣ ሰው በአብዛኛው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ደመናዎቹን ሳያወርድ ኮምፒውተሩን ከአካውንቱ ያላቅቃል። ያኔ ደመና የነበረው ሁሉ ከላፕቶፑ ይጠፋል። ድረ ገጹ ላይ ግን አለ። ችግሩ የአካውንቱን ፓስወርድ አያውቀውም። ላፕቶፑን ሲገዛ ሌላ ሰው በራሱ ኢሜል ከፍቶለት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፋይሉ በሰው እጅ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አረጋግጪ። ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የደመና ምልክት ተጫኚና ሴቲንግ ግቢ። አካውንት የሚለው ስር የማን ኢሜል ነው ያለው? ያንቺ ከሆነ በስልክሽ ብራውዘር ግቢበትና ፋይሎቹን እዪ። እዚያ ካየሻቸው ልብሽ ይረፍ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቅርብ የተሸጡ ዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዲስካቸው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ። የመክፈቻው ቁልፍ 48 አሃዝ ነው። የሚቀመጠው ማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ነው። አካውንቱን እርም ብለሽ ከመተውሽ በፊት ቁልፉን ከዚያ አውጪና ወረቀት ላይ ጻፊው። ማዘርቦርድ ተቃጥሎ ዲስኩ ደህና ሆኖ፣ ቁልፉ ስለሌለ ብቻ አንድም ፋይል ማውጣት ያልተቻለበት ሥራ ገጥሞናል። ለባለቤቱ ያንን መንገር ከባድ ነው።

ተመራቂዋ

ጋሼ፣ ኢሜሉ የኔ ነው። በስልኬ ገብቼ አየኋቸው። ቁልፉንም ጽፌ አስቀመጥኩ። አሁን እንዴት ልቀጥል?

የኪቶ ልጅ

ጥሩ። አሁን ወደ ሥራው። ግቢ ካለሽ ላይብረሪ ዋይፋይ ላይ አድርጊው፤ ፓኬጅሽን አትጨርሺ። ቻርጀርሽንም ያዢ፤ መሃል ላይ መብራት ሊሄድ ይችላል።

ዋንድራይቭ ፎልደር ውስጥ ሁሉንም ምረጪ፣ ኮንትሮል እና ኤ። በቀኝ ተጫኚና "ኦልዌይስ ኪፕ ኦን ዚስ ዲቫይስ" የሚለውን ምረጪ። ማውረድ ይጀምራል። ጋሼ እንዳሉት ሁሉም ሙሉ አረንጓዴ እስኪሆኑ ጠብቂ። አንድም ደመና መቅረት የለበትም፤ ፎልደሮቹ ውስጥ እየገባሽ እዪ።

ከዚያ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ከዋንድራይቭ ውጭ፣ በፈለግሽው ስም አዲስ ፎልደር ክፈቺ። ሁሉንም ወደዚያ ኮፒ አድርጊ። ከት አይደለም፣ ኮፒ! ከት ካደረግሽ ከዋንድራይቭ ስለሚወጣ ኢንተርኔት ላይ ያለውም አብሮ ይሰረዛል። አሁን የምንፈልገው ሁለቱም ቦታ እንዲኖር ነው።

ሲያልቅ ሁለቱን ፎልደሮች በቀኝ ተጫኚና ፕሮፐርቲስ ክፈቺ። የፋይሉ ብዛትና መጠኑ እኩል ነው? እሺ። አሁን ከኮፒው ውስጥ ኤክሴሉን ክፈቺ፣ ወርዱን ክፈቺ፣ ወደ ታች ውረጂ። ከተከፈተ ኮምፒውተሩን ከአካውንቱ ማላቀቅ ትችያለሽ፤ ሴቲንግ፣ አካውንት፣ "አንሊንክ ዚስ ፒሲ"። ከዚያ የዊንዶውስ ሴቲንግ፣ አፕስ፣ ኢንስቶልድ አፕስ፤ ማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ የሚለውን አንኢንስቶል።

ብዙ ሰው የሚረሳት አንድ ነገር አለች። ወርድ ውስጥ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ግቢ። "ሴቭ ቱ ኮምፒውተር ባይ ዲፎልት" የሚለውን ራይት አድርጊ። አለበለዚያ ሴቭ ስትዪ መጀመሪያ የሚያሳይሽ የክላውዱን ቦታ ሊሆን ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ለማይፈልግ ሌላ አንባቢ ደግሞ፣ ሆትስፖቱን ከኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ "ሜተርድ" አድርጉት። ዊንዶውስ ሆትስፖቱን እንደ ማንኛውም ዋይፋይ ስለሚቆጥረው ፓኬጅ መሆኑን የሚያውቀው ስትነግሩት ነው። ሜተርድ ሲሆን ዋንድራይቭ ሲንክ ማድረጉን፣ ማለትም የላፕቶፑንና የኢንተርኔቱን ፋይሎች እኩል ማድረጉን፣ ያቆማል፤ የዊንዶውስ አፕዴቶችም አብዛኞቹ ይዘገያሉ። ፓኬጅ እየቆጠርን ለምንኖር ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው።

መምህሩ (አጂፕ)

እኔ ደግሞ በተቃራኒው ልናገር። ለምንድነው የምትነቅለው? ከአዲስ አበባ ስመለስ ቦርሳዬ ከነላፕቶፑ ተሰረቀ። የስንት ዓመት የማስተማሪያ ኖት፣ የፈተና ባንክ፣ የልጆቼ ፎቶ። ሌላ ላፕቶፕ ተውሼ በአካውንቴ ስገባ ሁሉም ፋይል መጣ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ብይዝ ኖሮ እሱም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ክላውድን እንደ ጠላት አትዩት።

የኪቶ ልጅ

መምህር፣ እውነትዎን ነው። እርስዎን ያዳነዎት አንድ ኮፒ ከእርስዎ ርቆ መቀመጡ ነው፤ ያ ለሁሉም ሰው ያስፈልጋል።

ነገር ግን ሲንክ ባክአፕን አይተካም። ሲንክ ላፕቶፑ ላይ የሆነውን ሁሉ ያስተላልፋል። እዚህ ሲሰረዝ እዚያም ይሰረዛል፤ እዚህ ሲበላሽ የተበላሸው ይጫናል። በግል አካውንት የተሰረዘ ፋይል ድረ ገጹ ላይ ባለው ሪሳይክል ቢን 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የለም። በሐምሌ ሳያውቁ የሰረዙትን ፈተና ትምህርት ሲጀመር ቢፈልጉት አያገኙትም። ፋይል የሚቆልፈው ቫይረስ ቢገባም የተቆለፉትን ፋይሎች ወደ ክላውዱ ሊልካቸው ይችላል።

ባክአፕ የሚባለው የትናንቱን እንደ ትናንት የሚያቆይ ነው። ዛሬ የፈለጉትን ቢያደርጉ የማይነካ።

መምህሩ

በዚህስ ተስማማሁ። የ30 ቀኑን አላወቅኩም ነበር። ለመሆኑ ይሄ "ሞልቷል" የሚለውን ማሳሰቢያ ዝም ብለው ቢያልፉት ምን ይመጣል?

የኪቶ ልጅ

አዲስ ፋይል ወደ ላይ መሄዱ ይቆማል። ላፕቶፑ ላይ ሴቭ እያደረጉ ኢንተርኔት ላይ ያለ ይመስልዎታል፤ የለም። አውትሉክ ወይም ሆትሜይል ኢሜል ካለዎት ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከኢሜል ጋር ተያይዘው የሚመጡ ፋይሎችም ከዚሁ ማከማቻ ላይ ይቆጠራሉ። ካለፈ ኢሜል መላክም መቀበልም ይቋረጣል። ጉግልም ያው ነው፤ ነፃው 15 ጂቢ ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ የጋራ ነው። የስልክ ፎቶ ሲሞላው የሥራ ኢሜል መግባት ያቆማል። ስኮላርሺፕ ለምትጠብቁ ልጆች ይሄ ቀልድ አይደለም።

መዝገብ ያዥ (ጅማ)

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ብዙም አልራቅኩም ብዬ ነው። የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ እይዛለሁ። የምንሠራው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ነው። የድርጅቱ ፎልደር ዶክመንትስ ውስጥ ስለሆነ በዚሁ ዋንድራይቭ ውስጥ ገብቷል። አንዳንዴ ሲከፈት ፋይሉ በሌላ ተይዟል የሚል መልእክት ይመጣል። ከዚህ ጋር ይያያዝ ይሆን?

ጥገና ቤት

አዎ፣ ሊያያዝ ይችላል። ዛሬውኑ ያውጡት።

የሒሳብ ሶፍትዌር እንደ ወርድ አንድ ፋይል ከፍቶ የሚዘጋ አይደለም። ብዙ ፋይሎችን አንድ ላይ ከፍቶ፣ እርስዎ አንድ ቫውቸር ባስገቡ ቁጥር ሁሉንም ይነካካል። የሲንክ ፕሮግራሙ መሃል ላይ ገብቶ አንዱን ሲይዝ ሌላኛው ይቀድማል። ከፊሉ የዛሬ፣ ከፊሉ የትናንት ይሆናል። እንዲህ የተዘበራረቀ ሒሳብ ማስተካከል ከባድ ነው። የጽሑፍ ማጣቀሻ ለሚይዙት ለኤንድኖትና ለዞቴሮም ያው ነው፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ላይብረሪውን ሲንክ የሚደረግ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ ይላሉ። ተመራቂዋ ልጄም ይሄን ልብ በዪ።

የፒችትሪን ፎልደር ፕሮግራሙን ከዘጉ በኋላ ከዋንድራይቭ ውጭ ያድርጉት። ባክአፕ ሲይዙ ፎልደሩን ኮፒ አያድርጉ። ፋይል ከሚለው ሜኑ ውስጥ ባክ አፕ የሚል አለ፤ እሱ ድርጅቱን በሙሉ አንድ ፋይል አድርጎ ያወጣዋል። ስሙ ላይ ቀኑን ይጻፉበት። በየቀኑ አንድ። የወሩን መጨረሻ አይሰርዙ። ሰኔ 30 የተዘጋውን ደግሞ ለብቻው፣ ለዘለቄታው። ያንን አንድ ፋይል ፍላሽ ላይም ክላውድ ላይም ቢያስቀምጡት ምንም አይሆንም፤ ተከፍቶ የሚሠራበት አይደለማ።

መዝገብ ያዥ

እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ አወጣዋለሁ።

እግረ መንገዴን ለልጅቷ አንድ ነገር ላስታውስ። ክላውድ ላይ ብቻ መተማመን ለእኛ አገር አይሆንም። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲቋረጥ ለሳምንታት ነበር የቆየው። እኔ የወሩን ሪፖርት ያወጣሁት እጄ ላይ ካለው ነው። ሰነዱ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ሰው ማየት እንኳን አልቻለም።

ፍሬሽማን

ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ብትልከው አይበቃም? እኔ ሁሉንም እዚያ ነው የማስቀምጠው። ነፃ ነው፣ አይሞላም።

የኪቶ ልጅ

ብሮ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን፤ ለአጣዳፊ ጊዜ ጥሩ ነው። አንድ ፋይል በነፃ እስከ 2 ጂቢ ይቀበላል። ግን አካውንቱ የታሰረው በስልክ ቁጥርህ ነው። ሲምህ ቢጠፋና ቁጥሩ ለሌላ ሰው ቢሰጥ ምን ታደርጋለህ? ለረጅም ጊዜ ካልገባህበትም አካውንቱ ራሱን ያጠፋል። ፎቶ ደግሞ በፋይል መልክ ካልላክኸው ይጨመቃል፤ ኦሪጅናሉን አታገኘውም። ቢያንስ የሁለት ደረጃ ፓስወርዱን አብራ።

ነርሷ

ስለ ቴሌግራም ከተነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። እህቴ ዳታሽ የሰዎች ነው። የእናቶች ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ ቁጥር፣ የጤና ሁኔታ ካለበት እንዲሁ የትም አይላክም። ሰዎቹ ስምምነት ላይ ሲፈርሙ ምስጢር ይጠበቃል ተብለው ነው። የኤቲክስ ኮሚቴው ያጸደቀልሽም ያንን አይቶ ነው። መጀመሪያ ስምና ስልኩን ከዳታው ለይተሽ ኮድ ብቻ አስቀሪ። የኮዱ ዝርዝር ለብቻው ይቀመጥ።

ተመራቂዋ

ልክ ነሽ እህቴ። ስማቸው አለበት። ዳታውን የሰበሰብኩት ኮቦ በሚባለው የመጠይቅ መሙያ ነው፤ ጥሬው ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ነው። ያጸዳሁትና የተነተንኩት ግን እኔ ጋ ብቻ ነው።

የኪቶ ልጅ

ጥሬው ሰርቨር ላይ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ አንቺም አካውንቱን ጠብቂው። የጸዳውን ግን ሰባት ዚፕ (7-Zip) በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንድ ፋይል አድርጊውና ፓስወርድ ስጪው። በቀኝ ተጫኚና አድ ቱ አርካይቭ ምረጪ። ፓስወርድ የሚለውን ሙዪ፣ የፋይል ስሞቹንም እንዲደብቅ ራይት አድርጊ። ኤኢኤስ 256 የሚባለውን ጠንካራ የመቆለፊያ ዘዴ ነው የሚጠቀመው፤ ፓስወርዱ ረጅም ከሆነ የሚሰብረው የለም። ያንቺም ፓስወርድ ከጠፋ ያው ነው። ወረቀት ላይ ጻፊና ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጪው።

አወያይ

ሁለት መልእክት ላይ የነበሩ ስልክ ቁጥሮችን አንስተናል። የሱቅም የግልም ስልክ እዚህ አትለጥፉ። ቀጥሉ።

ፎቶ ቤት (ፈረንጅ አራዳ)

በዚህ ጉዳይ እንጀራዬ ስለሆነ ልናገር። የሰው ሠርግ ሁለተኛ አይነሳም። ሙሽሮቹ ከዓመት በኋላ መጥተው ኦሪጅናሉን ቢጠይቁ የለም ማለት አይቻልም።

የእኛ ሥራ ክላውድ አይችለውም። ሒሳቡን ተመልከቱ። የአንድ ሠርግ ፎቶና ቪዲዮ 60 ጂቢ ቢሆን፣ ኢንተርኔታችሁ በሰከንድ 1 ሜጋባይት ወደ ላይ ቢልክ፣ ወደ 17 ሰዓት ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ክረምት ላይ ጅማ ውስጥ 17 ሰዓት የማይቋረጥ መብራትና ኔትወርክ የት ይገኛል? ስለዚህ እኛ የምንተማመነው በሁለት ሃርድ ዲስክ ነው። አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ ቤት። ካርዱ የሚፎርማተው ሁለቱም ላይ ገብቶ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ገበያው ላይ 1 ቴራ፣ 2 ቴራ የተጻፈባቸው ዋጋቸው የማይታመን ፍላሾች አሉ። ውስጡ 32 ወይም 64 ጂቢ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ስታዩት 1 ቴራ ይላል፤ ምክንያቱም ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ውሸት እንዲናገር ተደርጓል። ትክክለኛው ቦታ እስኪሞላ በደንብ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የምትጭኑት የት እንደሚገባ አይታወቅም። የፋይሉ ስም ይታያል፣ መጠኑም ይታያል፣ ስትከፍቱት የለም። ኤች2 ቴስት የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ። ፍላሹን ጥግ ድረስ ይሞላውና መልሶ ያነበዋል፤ ያልተመለሰውን ይነግራችኋል። ሰዓታት ይወስዳል፤ ይውሰድ። ዕቃውን ከሱቁ ሳታወጡ መፈተን ባትችሉ እንኳ ሻጩ እንዲመልስላችሁ ተስማምታችሁ ግዙ።

ሌላው እርጥበቱ ነው። እዚህ ዝናቡ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ የካሜራ ሌንስ ሻጋታ ሲያበቅል አይቻለሁ። ሃርድ ዲስኩን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን ሲሊካ ጄል አትጣሏት፤ አብራችሁ ክተቷት። ከብርድ ወደ ሙቅ ክፍል ያመጣችሁትን ዲስክ ትንሽ ሳይቆይ አትሰኩት።

ጥገና ቤት

የፎቶ ቤቷ እህት ጨርሳዋለች። እኔ የምጨምረው ስለ ፎርማትና ስለ ፍላሽ ቫይረስ ነው።

ለባክአፕ ብቻ የምትይዙትን ሃርድ ዲስክ ፎርማት ስታደርጉ ኤንቲኤፍኤስ የሚለውን ዓይነት ምረጡ። ኤክስፋት የሚባለው ሌላው ዓይነት ለቴሌቪዥንና ለካሜራ ይመቻል፤ ግን ኮፒ እየተደረገ መብራት ሲሄድ ወይም ገመዱ ሲነቀል ይበልጥ የሚጎዳው እሱ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የጀመረውን ለውጥ በመዝገብ ስለሚይዝ ራሱን የማስተካከል ዕድል አለው። ሴፍሊ ሪሙቭ ሳትሉ አትንቀሉ።

የባክአፑን ዲስክ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳትወስዱ። ለፕሪንት ሌላ ትንሽ ፍላሽ ያዙ። የሾርትከት ቫይረስ የሚይዘን እዚያ ነው። ፍላሹን ስትከፍቱት ፎልደሮቹ ሁሉ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ቀስት ይዘው ይታያሉ፤ ወይም በፍላሹ ስም አንድ ሾርትከት ብቻ ይኖራል። አትንኩት። ፎርማትም አታድርጉ። ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው። በአንቲቫይረስ አጽዱት። ከዚያ ፋይል ኤክስፕሎረር፣ ቪው፣ ሂድን አይተምስ የሚለውን አብሩ። ካልታዩ ከፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን አጥፉ። ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ተከተው ታገኟቸዋላችሁ።

የኪቶ ልጅ

ተመራቂዋ፣ ላንቺ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ሠራተኛው ኮፒ ላፕቶፑ ላይ። አንድ ኦሪጅናል ኤክስተርናል፣ ቤት የሚቀር፣ ሲያስፈልግ ብቻ የሚሰካ። ቲሲሱንና ፓስወርድ ያለውን ዳታ ደግሞ ጉግል ድራይቭ ላይ በብራውዘር ጫኚ፤ ፕሮግራሙን ሳትጭኚ። ወርድና ኤክሴል ስንት ሜጋባይት ናቸው፣ 15 ጂቢው ይበቃል። 3-2-1 የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ሦስት ኮፒ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

ኤክስተርናሉን ስትሰኪ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፋይል ሂስትሪን አብሪው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ነው፣ ነፃ ነው። ዲስኩ እስከተሰካ ድረስ የተለወጡ ፋይሎችን በየሰዓቱ እየያዘ የቀድሞውንም ያቆያል። አድቫይዘርሽ "የበፊቱ ይሻል ነበር" ሲሉሽ የበፊቱ አለሽ። አንድ ነገር ግን አስተውዪ፤ የሚይዘው ዴስክቶፕን፣ ዶክመንትስንና የመሳሰሉትን ነው። ሲ ድራይቭ ላይ የከፈትሽውን አዲስ ፎልደር አያየውም። ስለዚህ ዋንድራይቩ ከወጣ በኋላ ፎልደሩን ወደ ትክክለኛው ዶክመንትስ አስገቢው።

ተመራቂዋ

ላይብረሪ ሆኜ ነው የምጽፈው። ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ፤ ኮፒ አደረግኩ፤ ቁጥሩም መጠኑም እኩል ነው። የአጋሮው ኤክሴል ተከፈተ። ኮምፒውተሩን ከአካውንቱ አላቅቄ ፕሮግራሙንም አንስቻለሁ፤ ፎልደሩም ዶክመንትስ ውስጥ ገብቷል። ለእያንዳንዳችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ድረ ገጹ ላይ ያለውን አሁን ልሰርዘው? ስማቸው ያለበት ፋይል እዚያ መቆየቱ ነው የሚያሳስበኝ።

ነርሷ

ማሰብሽ ደስ ይላል። መሰረዝ አለበት፤ ግን ሌላው ኮፒ ሳይረጋገጥ አይሁን።

የኪቶ ልጅ

ልክ ነች። መጀመሪያ ኤክስተርናሉ ላይ ጫኚ። ከዚያ የጓደኛሽ ላፕቶፕ ላይ ሰክተሽ ክፈቺው፤ ያንቺ ላይ መከፈቱ ብቻ አይበቃም። ዚፑንም እዚያው በፓስወርዱ ፍቺው። ከተከፈተ ድረ ገጹ ላይ ሰርዢ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጊ። ካላደረግሽ 30 ቀን እዚያው ይቆያል።

መምህሩ

እኔም ሲንኬን እንደያዝኩ ሃርድ ዲስክ ልጨምር ነው። ቤት የቆየ 500 ጂቢ አለኝ፤ ከድሮ ዴስክቶፕ የወጣ። እሱን ኬዝ ገዝቼ ልጠቀምበት?

ጥገና ቤት

መምህር፣ መጀመሪያ ጤናውን እንየው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ሆኖ "ጉድ" ካለ ይሞከራል። ቢጫ ሆኖ "ኮሽን" ካለ ለፊልም ይሁን እንጂ ለፈተና ባንክዎ አይሁን። ሲበራ ካካካ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ ጭራሽ አይሰኩት። ኬዙን ከመግዛትዎ በፊት ዲስኩን ብቻ ይዘው ይምጡ፤ ሱቅ ባለው ገመድ ሰክተን አብረን እናየዋለን።